ሰም የጠጣ ክር

ግንቦት 2፣ ሰኞ፤ ከቀኑ 11፡00

ክር ለምንድን ነው ሁልጊዜ አንድ ስፌት ሲቀረው የሚቋጠረው? ከቁልፍ በቀር ሰፍቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ይህን ጠይቋል። እኔ ዛሬ አራት ጊዜ ጠየቅሁ። አራት ጊዜም በጥርሴ በጠስኩት። መ/ቤት ጭር ብሏል፤ ሁሉም ውይይት ክበብ ገብቷል። እኔ ካባው ሥር ተሸሽጌ ቀረሁ።

ደብተሬ፣ ካባውን አላስተዋወቅሁሽም ለካ። ጥቁር ሱፍ። አንገቱና ትከሻው ወፍራም፣ ገበሩ ብል የበላው። ማን እንደለበሰው የሚያውቅ የለም። ባህል ክፍሉ ዕቃ ቤት ውስጥ በጆንያ ተጠቅልሎ ነበር። የአልባሳት ትርኢቱ ሰኔ 10 ይከፈታል፤ የእኔ ድርሻ የዚህን ካባ ቁርጥ አምሳያ አሰፍቶ ከጎኑ ማቆም። ታሪክ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ደሴ ከተመደብኩ ዘጠኝ ወሬ። እስከ ዛሬ የሠራሁት ቃለ ጉባኤ መገልበጥ ነው። ይህ የመጀመሪያው የራሴ ሥራ።

ጓድ ኃላፊ በመኪና አሰፊውና ገላግይን አለኝ። እምቢ አልኩ። የአሮጌውን ስፌት ጫፍ ስፈታ ያየሁትን እሱ አላየማ! ክሩ ጥጥ አይደለም። አመድማ ቢጫ፣ ለስላሳ፤ ሱፉ አርጅቶ እሱ አላረጀም። ሳብ ባደርገው ጣቴን ቆረጠኝ። የተልባ እግር ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ የማውቀው ነገር መዳፌ ላይ ተኛ።

ታዲያ ቦሩ ሜዳ ተልባ ይዘራ የለ? ፍሬው ይበላል፣ አገዳው ይነዳል። ጥር ላይ አገዳውን ለምኜ ኩሬ ውስጥ ስዘፈዝፈው ገበሬዎቹ የሳቁት ሳቅ እስካሁን ያለቀ አይመስለኝም። ሸተተ። አይጣል ነው። ግን ከዚያ ሽታ ውስጥ የአሮጊት ፀጉር የመሰለ ቃጫ ወጣ። አንዲት ፈታይ ሴትዮ ፈተሉልኝ፤ አንቺ ልጅ ዩኒቨርስቲ ገብተሽ የተማርሽው ይህንን ነው ወይ እያሉ። አዎ እማማ፣ ይህንን ነው።

አሁን ሦስት ልቃቂት አለኝ፤ ለአምሳያው የተቆረጠ አዲስ ጥቁር ሱፍም። ያምራል። ግን ይጨፈረራል፣ ይጠመዘዛል፣ ይቋጠራል። ኮምቦልቻ አንድ በእጅ የሚሰፉ ሽማግሌ አሉ ይባላል። ረቡዕ እወርዳለሁ። የይለፍ ወረቀቱ ተፈርሟል።


ግንቦት 4፣ ረቡዕ

የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም በየተራ ሹራቡን ያወልቃል። ጭጋጉ ከላይ ይቀራል። አንድ መንገድ፣ ሁለት አገር።

ሰፊውን ሽማግሌ፣ ሸህ ሙሄን፣ በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ሰባን አልፈዋል። ልጃቸው ራህማ በርጩማ አወጣችልኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ደሴ የት ሰፈር እንደምኖር ተጠየቅሁ። ቧንቧ ውሃ ብል፣ ስሙ ነው እንጂ ውሃውስ ይመጣል? አሉ። ራህማ ሳቀች። በኋላ ልቃቂቱን ሰጠኋቸው።

ክሩን መዳፋቸው ላይ ጎተቱት። እንደገና ጎተቱት። "አጃኢብ! ይኸ ክር እኛ አገር ይሠራል?" በጎልማሳነታቸው ከባህር ማዶ በነጋዴ ሲመጣ ሰፍተውበታል፤ ከዚያ ወዲህ አላዩትም። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፀጉሩ ግን አባ ጨጓሬ ነው አሉኝ። ሰም ያልጠጣ ክር ያልተገራ በቅሎ ነው፤ አንቺ ወዲህ ስትይው እሱ ወዲያ።

ሰም! ለዚህ ነው የሚቋጠረው። ቀላል ነገር። እንዴት ማንም አልነገረኝም?

አሠራሩ (እንዳልረሳ)፦ ክሩን ሁለት ክንድ መቁረጥ። ሰሙ ላይ በአውራ ጣት ጫን ብሎ ሦስት ጊዜ መጎተት። ከዚያ በቁራጭ ጨርቅ ይዞ ፈጠን ፈጠን አድርጎ መሳብ። ሰበቃው ያሞቀዋል፤ ሰሙም ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ የቀረ ሰም ልብስ ያቆሽሻል፤ የገባው ክሩን ከውሃም ከላብም ይጠብቃል።

ሰማቸው አልቋል። መኪናው ከመጣ ወዲህ ማን ሰም ይሻል? አሉ። አንገቱንና ትከሻውን ረመዷን ሳይገባ እሰፋልሻለሁ፣ ጥሩ ሰም ይዘሽ ነይ አሉኝ። ጥሩ ሰም። ያሉት ይህን ብቻ ነው።


ግንቦት 7፣ ቅዳሜ፤ ከጠዋቱ 2፡30

አከራዬ እማማ በለጡ ጓዳቸው ገብተው ጡጫ የሚያክል ሰም አወጡልኝ። ለአንቺ ያልሆነ፣ ውሰጂው፣ እኔ ምን ላደርገው አሉ። ሳምኳቸው።

መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ብርድ ነው፤ ሰሙ ድንጋይ ሆኗል። ብብቴ ውስጥ ከትቼ እጠብቃለሁ። ትንሽ ሲለዝብ ክሩን እጎትታለሁ። አንደኛ፤ ይንጫጫል። ሁለተኛ፤ ያጉተመትማል። ሦስተኛ፤ ዝም። ጨርቁ ውስጥ ሳሳልፈው ጣቴ ይግላል፤ የተጨፈረረው ሁሉ ይተኛል። አባ ጨጓሬው የሐር ትል ይሆናል።

ከሚስማር ወደ ሚስማር ዘረጋኋቸው። ክፍሌ በሙሉ ክር። ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ እያንዳንዱ የየራሱን ብርሃን ይዞ ቆመ። ሥራቸው ተጋደምኩ። ደብተሬ፣ ምን አየሁ መሰለሽ? ትልቅ አዳራሽ፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ወደ ጦሳ ተራራ። የጥንት ልብስ ሁሉ በጥንቱ እጅ የሚሰፋበት። ከየወረዳው የመጡ ሽማግሎች ይሰፋሉ፣ ወጣቶች ይማራሉ፤ እኔ ደግሞ እየዞርኩ ሰም አድላለሁ። በየልብሱ ሥር ማን እንደለበሰው ብቻ ሳይሆን ማን እንደሰፋው ይጻፋል። ማን ፈተለው፣ ማን ሰም ቀባው።

ሽታው እጄ ላይ ቀርቷል። ማር ነው፤ ከማሩ ኋላ ደግሞ ኮምጠጥ ያለ፣ የሚያዛጋ ነገር አለ። ደስ ይላል።

ሰማንያ ክር። እማማ በለጡ በበሩ ብቅ ብለው፣ አንቺ ልጅ ሸረሪት ሆንሽ? አሉኝ።


ግንቦት 9፣ ሰኞ

ጉድ ነው! ሐረጎን ስንወርድ ክሬ ተጣበቀ። ኮ/ቻ ስደርስ ሰማንያው ክር አንድ ገመድ ሆኗል። በረንዳው ላይ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ሸህ ሙሄ ገመዱን አንጠልጥለው እያዩ፣ ይኸ ለደሴ ብርድ የተቀባ ነው፣ ለቆላ ሰሙ ሳሳ ተደርጎ ይቀባል አሉ። አብሽሪ፣ አይዞሽ አሉኝ። ራህማ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳች። ነከሩት፤ ጠነከረ። አንድ በአንድ ላጥናቸው፤ በጨርቅ ሳብናቸው፤ ትርፉ ሰም ወለቀ። ሳቃቸው ገና ጆሮዬ ላይ አለ፦ ምሁሯ፣ ሰምሽን የይለፍ ወረቀት ሳታስይዢው ኬላ አሻገርሽው!

ከዚያ አዲሱን ካባ ጀመሩ። ቢስሚላህ። የክሩን ጫፍ ከንፈራቸው መካከል ያስገባሉ፤ በጥርሳቸው ጠፍጠፍ ያደርጉታል፤ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ። ራህማ ላግዝዎት ብትል ተቆጧት። ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው፣ አፌ መቼ ረሳ!

ስፌታቸው ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። የሽማግሌ አካሄድ ነው፣ ትንሽ ሄዶ ዞር ብሎ ያያል አሉ። ክሩ ሱፉ ውስጥ ሲገባ ድምፅ የለውም። ሲጠብቅ ብቻ "ጥ" ይላል። ቀኑን ሙሉ ያንን ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። ጥ። ጥ። አልቆጠርኩም፤ መቁጠር አልፈለግሁም። አንድም ጊዜ አልተቋጠረም።

አሮጌውን ካባ የለበሰውን ሰው አሰብኩ። ዝናብ መጥቶበታል፣ በበቅሎ ወንዝ ተሻግሯል፤ ስፌቱ አልከዳውም። የሰፋውን ማን አሰበው?


ግንቦት 12፣ ሐሙስ

ከጠዋቱ ልጀምር።

ጠዋት መልካም ነበር። ግራ ትከሻው አለቀ። ለእኔ የገበሩን ጠርዝ ሰጡኝ፤ ጎን ለጎን እንሰፋለን። ሸህ ሙሄ ደስ ብሏቸው የጥንቱን ያወራሉ። በጉብዝናቸው ሰም ፍለጋ ሙሉ ቀን በእግር ይሄዱ ነበር፤ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ አንድ ንብ አርቢ ዘንድ። ለምን እዚያ ድረስ? አልኩ። ከተማ ሰም ሞልቶ የለ?

የከተማ ሰም የጠጅ ቤት ነዋ፣ አሉ። ማሩን ከነሰሙ በጥብጠው ይጥሉታል፤ ሰሙ ሲንሳፈፍ ይገፍፉትና ሰፈፍ ብለው ይሸጡታል። ሌላው ሰው ምን እንደሚል አላውቅም፤ እኔ ግን አስካሪ ውስጥ የከረመ ነገር አፌ አይገባም። ሰፊ ሰው ክሩን አፉ ያስገባላ! አርባ ዓመት ስሰፋ አንድ ቀን አላስገባሁም፤ አልሐምዱሊላህ።

ይህን ሲሉ ክሩ ከንፈራቸው መካከል ነበር። የእኔ ክር።

ያ የሚያዛጋ ሽታ። እማማ በለጡ። ለሰርግ የሚጥሉት ጠጅ። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። ግድግዳውን አየሁ።

አንቺን አልጠየቅሁሽም፣ የተማርሽ ልጅ ነሽ፣ ከእኛ መሐል አድገሽ ታውቂዋለሽ ብለው ፈገግ አሉ።

ምንም አላልኩም። ምንም። መርፌዬን ሱፉ ውስጥ ከተትኩ፣ አወጣሁ። እሳቸው አዲስ ክር መዘው ጫፉን አፋቸው ከተቱ። አየኋቸው።

ማታ እማማ በለጡን ጠየቅሁ። ከጠጁ ነዋ፣ ከየት ላመጣው ኖሯል? አሉኝ፣ እንደ ቂል እያዩ።


ግንቦት 13፣ ዓርብ

ጓድ ኃላፊ ጠራኝ። ፊቱ ፈክቷል። ከትርኢቱ ሠራተኞች አንድ ሰው ለስድስት ወር ሥልጠና ወደ ወዳጅ አገር ይላካል፤ የሙዚየም አያያዝ። ካባው በጊዜ ከደረሰ ስምሽን አሳልፋለሁ አለኝ። ጓዲት፣ አኩሪን! አለ።

በረዶ። ባቡር። ትልልቅ አዳራሾች፣ ልብሶች በመስታወት ውስጥ። እንደ ሕፃን ጠረጴዛዬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ፣ መጣሁ።

ከዚያ ከንፈራቸው ትዝ አለኝ።

አለመናገር ቀላል ነው። ሁለት ቀን ቢሰፉ ያልቃል። ማን ያውቃል? ካባው መስታወት ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ማንም ለብሶት አይሰግድም። ሳያውቁ ያደረጉት አይጻፍባቸውም። ይህን ሁሉ ለራሴ አስረዳሁ። በደንብ አስረዳሁ። ማስተማር እችላለሁ መሰለኝ።

እኔ ግን አውቃለሁ።


ግንቦት 16፣ ሰኞ

ልነግራቸው ወረድኩ። አልነገርኳቸውም። እንግዶች ነበሩ፤ ሦስት ሽማግሎች። ሸህ ሙሄ ትከሻውን እያሳዩአቸው፣ የተልባ ክር ነው፣ ይቺ ልጅ ናት ከቦሩ ሜዳ ያወጣችው ይላሉ። ማሻአላህ ይላሉ ሽማግሎቹ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ጨዋ ናት፣ ታፍራለች አሉ።

ክሩ አፋቸው ገባ። ወጣ። ገባ።

ስመለስ ጭጋጉ ሐረጎ አናት ላይ ጠብቆኛል። ደሴ ትጠፋለች አንዳንዴ። ዛሬ እኔም ብጠፋ አልኩ።


ግንቦት 18፣ ረቡዕ

ነገርኳቸው።

ቀኝ ትከሻው ሊያልቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው። አዲስ ክር ሊመዙ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። በሕይወቴ የሽማግሌ እጅ እንዲህ ይዤ አላውቅም። ሸህ ሙሄ፣ ሰሙ የጠጅ ነው አልኩ። እንዲሁ ወጣ፣ ያለ መግቢያ።

እጃቸውን አልነጠቁኝም። ራህማ፣ ውሃ አሉ። አመጣች። ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ፤ በረንዳው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ተፉት። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ መጥተው ቦታቸው ተቀመጡ።

"መቼ አወቅሽ?"

ሐሙስ ዕለት፣ ሲያወሩኝ።

"ሐሙስ።" ጣታቸውን አጥፈው አሰቡ። ሐሙስ፣ ሰኞ፣ ዛሬ። "ያላወቅነው አያስጠይቀንም፣ ልጄ። ከሐሙስ በፊት ያለው የእኔም ያንቺም አይደለም። ከሐሙስ ወዲህ ያለው ግን ያንቺ ነው።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ደስ ባለኝ! ራህማ፣ አባዬ አላወቀችም እኮ ልትል ስትጀምር፣ ተይ በማለት እጃቸውን አነሱ። ካባውን አጠፉት፤ እጅጌ በእጅጌ ላይ፣ እንደሚተኛ ልጅ። የቀረውን ክር ከላዩ አኖሩ። መርፌዋን አውጥተው የራሳቸው ኪስ ላይ ሰኩ። ካባውን ሰጡኝ። መንገድ ሳይመሽብሽ ሂጂ አሉኝ። በሰላም ሂጂ።

አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው መጣሁ። ይከብዳል።


ግንቦት 20፣ ዓርብ

ተረተርኩት። ከቢሮ በኋላ ሁለት ምሽት ሙሉ። የሳቸውን ስፌት እያንዳንዱን። ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ የሄደውን እኔ ከኋላ ወደ ፊት እየፈታሁ። ሲፈታ ነው እጃቸውን ያየሁት፤ አንዱ ከአንዱ ፍንክች አይልም። አንድ ቦታ ብቻ ጠበብ ብሏል፤ ያን ጊዜ ስለ ንብ አርቢው እያወሩ ነበር መሰለኝ። ክሩን አልጣልኩም፣ አላስቀመጥኩም፤ ለእማማ በለጡ ምድጃ ሰጠሁት። ቦግ አለ። ሰም ነዋ።

እማማ በለጡ አዝነው፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ አሉ። አይደሉም። ለምን እንደፈለግሁት መች ነገርኳቸው?

ጠዋት ጓድ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። ካባው ለሰኔ 10 አይደርስም አልኩት። ምክንያቱን ነገርኩት። አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ ሳቀ። ለሰም? በመኪና በሁለት ሰዓት አያልቅም? ያልቃል፤ ግን በእጅ ነው የሚሰፋው አልኩ። እንግዲህ አሮጌው ብቻውን ይቆማል፤ ሥልጠናውም ለሌላ ሰው ነው አለ፣ ወረቀቱን ወደ መሳቢያው እየመለሰ። ገባኝ ጓድ ኃላፊ።

ደረጃውን ስወርድ አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀስኩም። ራበኝ።


ግንቦት 21፣ ቅዳሜ። ቦሩ ሜዳ

ፈታይዋ ሴትዮ አንድ ልቃቂት ፈትለው ጠበቁኝ። የሸህ ሙሄን ንብ አርቢ ጠየቅኋቸው፤ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጁ ግን ቀፎውን አልተወም አሉ። ልጁ አሊ ይባላል፤ ልጅ አይደለም፣ ሽበት አውጥቷል። ለማን ነው? አለ። ስነግረው ሥራውን አቆመ። አባቴ እንደ ኸይር፣ እንደ ደግ ሰው ነበር የሚያስቀምጥላቸው፤ የሸህ ሙሄ ሰም ብሎ ለብቻ በቅጠል አስሮ አለ።

አዲስ ድስት ይዤ ሄጃለሁ። ማሩ ተጨምቆ የወጣለትን የማር እንጀራ ቆራረጠ፤ ውሃ አፈላን፤ ከተትነው። ሁሉም ነገር ቀለጠ። በነጭ ጨርቅ አጠለልን። ዛፍ ሥር አስቀምጠን ጠበቅን። ነፋስ አለ፤ ንቦቹ አናታችን ላይ ይዞራሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ረጋ፦ ቀጭን፣ ክብ፣ አዲስ ቢጫ። ጨረቃ ውሃ ላይ ተኝታ ያነሳኋት መሰለኝ። አሸተትኩት። አበባና ጭስ። ሌላ ምንም።

አሊ፣ ሰላም በይልኝ አለ። እሺ አልኩ። አፍ የለኝም እንጂ።


ግንቦት 23፣ ሰኞ፤ ከጠዋቱ 1፡00

ራህማ ዛሬ ሰኞ ገበያ ትመጣለች። ወስኛለሁ። ይህን እሰጣታለሁ። ደብተሬ፣ ግልባጩ አንቺ ዘንድ ይቅር፦

"ለሸህ ሙሄ። ጤናዎን እየለመንኩ ነው የምጽፈው።

ስፌትዎን በሙሉ ፈትቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ማበላሸት አይደለም። ካባው አሁን እንደተቆረጠ ነው። ይህ ሰም የንብ አርቢው ልጅ፣ የአሊ ነው። ከቀፎው እስከ ጨርቁ በዓይኔ ተከትዬዋለሁ፤ ድስቱም አዲስ ነው። አሊ ሰላም ብሎዎታል። ክሩን ግን አልቀባሁትም። እርስዎ እያዩ ካልሆነ አልቀባውም።

ትርኢቱ ያለ እኛ ይከፈታል፤ ስለዚህ የሚያጣድፈን ቀን የለም። ከረመዷን በኋላም፣ ከክረምት በኋላም ይሆናል። መርፌ ማንሳት ባይፈልጉ እንኳ አጠገብዎ ተቀምጬ እኔ ልስፋ፤ ስሳሳት ብቻ ይቆጡኝ።

ከሐሙስ እስከ ረቡዕ ዝም ያልኩት ስላላከበርኩዎት አልነበረም። ስለፈራሁ ነው። ምክንያት ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ነው።

ራህማ ሰሙን ይዛለች። እጅዎ ገብቶ ያሽቱት። ከዚያ ‘ነይ’ ወይም ‘አትምጪ’ ይበሉኝ፤ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ዝም ብቻ አይበሉኝ። ራህማ የፊታችን ሰኞ ስትመጣ ገበያው በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። እባክዎ፣ መልስዎን ይላኩልኝ።"